መጽሐፉን ከመደርደሪያ አንሺው ተባልኩ፤ በደብዳቤ ይምጣልኝ አልኩ

መዝገብ ያዥ (ክሩን የከፈተችው)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወሎ ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው። የከተማዋንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። ጉዳዩ ግን ደሴም፣ ወልድያም፣ ኮምቦልቻም ያለውን አንባቢ ስለሚመለከት እዚህ አመጣሁት።

ሰሞኑን አንድ ኃላፊ ደወለልኝ። ሰላምታውን በወጉ ሳይጨርስ «ያንን የታሪክ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አንሺው» አለኝ። አንድ ልቦለድም ጨመረበት። ለምን ስለው «ሰው ቅር ብሎታል፤ አብሮነታችንን ይነካል» አለ። ማን ነው ቅር ያለው? «ሰዎች።» የትኛው ገጽ ላይ ነው? «እኔ አላነበብኩትም፤ ተነግሮኝ ነው።»

«እሺ፣ በደብዳቤ ይምጣልኝ» አልኩ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ይቺ ደግሞ ምን ደብዳቤ ያስፈልጋታል» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ሄጄ ሁለቱንም አወጣኋቸው። የታሪኩ መጽሐፍ ጀርባው ተላጦ በፕላስተር ተጠግኗል። መጨረሻው ገጽ ላይ የሚለጠፈው የመመለሻ ቀን ወረቀት በማኅተም ሞልቶ ሁለተኛ ተደርቦበታል። ሰው እየተቀባበለ ያነበበው መጽሐፍ ነው። ልቦለዱን ደግሞ አንድ አንባቢ በእርሳስ አስምሮበት፣ ሌላው በላጲስ ሊያጠፋለት ሞክሯል። መልሼ ቦታቸው ሰካኋቸው።

አሠራሩን ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኛ ቤት የገባ መጽሐፍ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ቅጽ) ገቢ ተደርጓል። የመዝገብ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ማኅተም አርፎበታል፣ ካርድ ተሠርቶለታል። የመንግሥት ንብረት ነው። እግሩ የተሰበረ ወንበር እንኳ በቃል ትዕዛዝ ከግቢ አይወጣም። ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ወጪ ይሠራለታል። መጽሐፍ ሲሆን በስልክ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሌላ ቦታ መጽሐፍ ሲታገድ ቢያንስ ታገደ ይባላል። እኛ ዘንድ ስልክ ይደወላል፤ መጽሐፉ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል። አንባቢ ሲጠይቅ «ለጥገና ሄዷል» ይባላል። ከዓመት በኋላ ማን አነሣው፣ መቼ ተነሣ፣ ለምን ተነሣ ቢባል የሚመልስ የለም። እኔ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? ደግሞስ የቅሬታ መቀበያ ቅጽ ያለው ቤተ መጻሕፍት ታውቃላችሁ?

የጦሳ ልጅ፦
በርቺ እህቴ። «በደብዳቤ ይምጣልኝ» ያልሽው ደስ ብሎኛል። በስልክ ደፋር የሆነ ሰው ፊርማ ላይ ሲደርስ እጁ ይያዛል።

ጡረተኛው ላይብረሪያን፦
ልጄ፣ በሙያው ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ሕጋዊ ሆኖ የሚወጣበት በር ጠባብ ነው። ተውሶ ይወጣል። ጠፍቶ በአዋሹ ይተካል። አለዚያም ይወገዳል። ማስወገድ የራሱ መስፈርት አለው። ገጹ የተቀደደ፣ በአዲስ እትም የተተካ፣ ከሚፈለገው በላይ ቅጂ ያለው፣ ውኃ ወይም ምስጥ የበላው መጽሐፍ ይወገዳል። ሐሳቡ ያልተወደደ የሚል መስፈርት በዘመኔ አላየሁም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠብቂ። አንደኛ፣ የዘንድሮውን የማስወገጃ ዝርዝር መስመር በመስመር እዪው። በፊት ለፊት ያልተሳካለት ሰው መጽሐፉን «ያረጀ» ብሎ እዚያ ውስጥ ይጨምረዋል። ጀርባው በፕላስተር ተጠግኗል ያልሽው መጽሐፍ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ዛሬውኑ ጠርዢው።

ሁለተኛ፣ የካታሎግ ካርዱን ጠብቂ። ብዙ ሰው መጽሐፉን ብቻ ነው የሚያየው። ካርዱ ከመሳቢያው ከተነቀለ ወይም ከኮምፒውተሩ ከጠፋ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ቢኖርም ሞቷል። በርዕስ የሚፈልገው አያገኘውም፤ በደራሲ የሚፈልገውም አያገኘውም። ቆጠራ ሲመጣም «ያልተመዘገበ» ይባልና ያን ጊዜ በሕጋዊ መንገድ ይወጣል። መጽሐፉን ማንም ሳይነካው ማለት ነው። የካርዶቹን ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጪ።

ባቲ ሰኞ፦
እኔ የተለየ ሐሳብ አለኝ፤ አትቆጡኝ። ጦርነት በደጃችን ያለፈ ሕዝብ ነን። ሰው ቁስሉ ገና አልደረቀም። አንድ መጽሐፍ ለጊዜው ቢነሣ ማን ይሞታል? ሲረጋጋ ይመለሳል። ወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቤት ቡና የሚጠጣበት አገር ነው። ይህንን የሚያደፈርስ ነገር በመንግሥት ቤት ውስጥ ለምን ይቀመጣል? ኃላፊውም ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል።

መዝገብ ያዥ፦
ወንድሜ፣ አልቆጣም። ኃላፊው ክፉ አሰበ አላልኩም። ግን «ለጊዜው» የተባለውን ማን ይመልሰዋል? ያለ ወረቀት የተነሣ መጽሐፍ የመመለሻ ቀን የለውም። ያነሣው ሰው ሲዛወር ነገሩ አብሮት ይሄዳል። አዲስ የሚመጣው ደግሞ መጽሐፉ እንደነበረም አያውቅም።

ጦርነቱን አነሣህ። እውነት ነው። በ2014 ደሴ ስትያዝ ዩኒቨርሲቲውም ሙዚየሙም ተዘርፏል። መጽሐፍ መሬት ላይ ተበትኖ፣ ወረቀቱ በየጥሻው ሲበር ያየን ሰዎች ነን። የተረፈውን በገዛ እጄ ዕቃ ቤት አስገብቼ ልቆልፍበት?

ሀይቅ ዳር፦
ባቲ ሰኞ፣ አክብሬህ ነው የምመልስልህ። አብሮነት ያልከውን እኔም ኖሬበታለሁ። አያቴ ወዳጃ (የጋራ ዱዓ) ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ጎረቤቷ ደግሞ የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። ግን ይህ ሕዝብ ተከባብሮ የኖረው ከባድ ታሪክ ስላልገጠመው አይመስለኝም። ገጥሞታል፤ አውርቶታልም።

ቦሩ ሜዳ ከደሴ ቅርብ ነው። በ1870 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ ፊት ጉባኤ የተደረገው እዚያ ነው። በክርስቲያኖቹ መካከል የነበረው የሃይማኖት ክርክር በአዋጅ ተዘጋ። የወሎ ሙስሊምም ተጠመቅ ተባለ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ኋላ ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ሸህ ጦልሃ ግን እምቢ አሉ፤ ተዋጉ፤ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ግጥም አስቀሩልን። ታዲያ ይህን ታሪክ የጻፈ መጽሐፍ አንዱን ወገን ቅር ማሰኘቱ አይቀርም። ቅር ያሰኘውን ሁሉ ካነሣን የወሎ ታሪክ የሚባለው መደርደሪያ ባዶውን ይቀራል። የቦሩ ሜዳ ልጅ ስለ ቦሩ ሜዳ የት ያንብብ?

ሌላም ልጨምር። ሐይቅ እስጢፋኖስን ሁላችንም እናውቀዋለን። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን መጽሐፍ ያስጻፉበት ገዳም ነው። የእርሳቸው ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። እ.ኤ.አ. ወደ 1280 ገደማ የተጻፈ ነው። የብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን።» የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ነው። አባቶቻችን ሌባውንና ፋቂውን በአንድ ግዝት ነው ያሰሩት።

የጦሳ ልጅ፦
እንዲህ ያለ መልስ ለማንበብ ነው እዚህ የምገባው። እግዜር ይስጥህ፣ ሀይቅ ዳር።

እናት ነኝ፦
እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ። ስለ ፖለቲካው አላውቅም። ግን ልቦለዱ ምን ዓይነት ነው? ልጄ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ላይብረሪ ነው የሚሄደው። ሁሉም መጽሐፍ ለሁሉም ልጅ ክፍት ይሁን እያላችሁ ከሆነ እኔ አልስማማም።

መዝገብ ያዥ፦
እታለም፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። የልጆች ክፍላችን ለብቻው ነው። ልቦለዱ የአዋቂ ክፍል ውስጥ ነው ያለው፤ በትንሽ ልጅ መታወቂያ አይወጣም። ስለ ልጅሽ ደግሞ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። መጥተሽ «ይህን አታውሱልኝ» ካልሽ ካርዱ ላይ ጽፌ አከብርልሻለሁ። የማልችለው አንድ ነገር ነው። የአንቺን ልጅ ብዬ የጎረቤትሽን ጎልማሳ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውን፣ መምህሩን መከልከል አልችልም። ልቦለዱ ፍቅርም አለበት፣ ክህደትም አለበት። ቅዳሜ ብቅ በይና አብረን እንየው፤ ቡናም አለ።

እናት ነኝ፦
እንዲህ ከሆነ ጥሩ። እመጣለሁ።

ቴሌግራም ላይ ነኝ፦
ምን ያስጨንቃችኋል? ሁለቱም ፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ አለ። በነፃ።

ፒያሳ መጽሐፍ ሻጭ፦
ወንድሜ፣ አንተ ዳታ አለህ፤ ስልክ አለህ። እኔ ደሴ ፒያሳ አሮጌና አዲስ መጽሐፍ እሸጣለሁ። የሚሆነውን ልንገርህ። አንድ መጽሐፍ «ታግዷል» የሚል ወሬ በወጣ ማግስት ሰው ይጠይቀኛል። ነጋዴ ነኝና አልዋሽም፤ ዋጋው ይጨምራል። ብር ያለው ይገዛዋል። ሁለት ቅጂ የሚገዛም አለ። የማይገዛው ከኩታበር በእግሩ መጥቶ፣ ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ ጥቂት ገጽ አንብቦ የሚመልሰው ተማሪ ነው። እሱን «ላይብረሪ ሂድ» ነው የምለው። ላይብረሪው ካነሣው ወዴት ልላከው?

መጽሐፍ ከላይብረሪ ሲወጣ የሚታገደው ድሃው አንባቢ ብቻ ነው። ያም ፒዲኤፍ ያልከው ደግሞ ግማሹ ገጹ የጠፋ፣ በስልክ የተነሣ ነው። ደራሲውም ሳንቲም አያገኝበትም።

አባ መላ ዘሸዋበር፦
ልጆቼ፣ እኔ ከንጉሡ ጀምሮ ያየሁ ነኝ። አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን ጽፎ በንጉሡ ዘመን ታገደበት። በደርግ ጊዜ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ወጣ፤ ብዙ ሳይቆይ ከየሱቁ ተለቀመ። በዓሉም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን አልጠፋም። በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። እኔ ያነበብኩት በአንድ ሌሊት ነው፤ ጠዋት ሌላ ሰው ይጠብቅ ነበርና።

በ1969 የደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ ደግሞ ሰው መጽሐፉን በገዛ እጁ ያቃጥል ነበር። አንዳንዱ በላስቲክ ጠቅልሎ ጓሮው ቀበረው። ማንም ይህን አቃጥል ብሎ ዝርዝር አልሰጠውም። የትኛው እንደሚያስገድል ስለማይታወቅ ሁሉንም አጠፋው። ፍርሃት ዝርዝር አይፈልግም፣ ልጄ። ያንቺም ኃላፊ ዝርዝር አልጻፈም።

አንድ ነገር ብዬ ላብቃ። የወሎ ሰው ወሬ ሲታፈን ምን እንደሚከተል ከማንም በላይ ያውቃል። በ1965ቱ ረሀብ ሕዝቡ በየመንገዱ ሲወድቅ መንግሥት እንዳይሰማ ሸሸገው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በውጭ አገር እስኪታይ ድረስ ዓለም በወጉ አላወቀም። «የአገር ስም ይጠፋል» ነበር የሚባለው። ዛሬ «አብሮነት ይነካል» ሲባል ስሰማ ያ ነው ትዝ የሚለኝ።

መዝገብ ያዥ፦
አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ አትሜ አነብላቸዋለሁ፤ ከፈቀዱልኝ።

አባ መላ ዘሸዋበር፦
ፈቅጃለሁ። አብሽሪ።

ከወልድያ፦
እኔም የሙያ ባልደረባሽ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣብኝ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አንሥቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ለሚጠይቀኝ ሰው አወጣለታለሁ። ኃላፊም አይቆጣም፣ አንባቢም አይከለከልም። መጽሐፉም ይተርፋል። ደሞዜን የሚጠብቁ ልጆች አሉኝ። ይህ ስህተት ነው?

ጡረተኛው ላይብረሪያን፦
ልጄ፣ በችግር ቀን ያንን ያደረገ ብዙ ሰው አውቃለሁ፤ አልፈርድብህም። ግን አስበው። መሳቢያህ ውስጥ እንዳለ የሚያውቀው የሚያውቅህ ሰው ነው። አንባቢ የሚፈልገውን ሁሉ አስቀድሞ አያውቅም። መደርደሪያው ፊት ቆሞ፣ ሌላ ሲፈልግ፣ ያላሰበውን ያገኛል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጥቅሙ ይሄ ነው። ዓይናፋሯ ተማሪ ወደ አንተ መጥታ «ያንን የተደበቀውን ስጠኝ» ትላለች ብለህ ነው?

ሜሪላንድ ወሎዬ፦
የሐረጎ ልጅ ነኝ፤ አሁን አሜሪካ ነው የምኖረው። የወልድያው ወንድሜ ያነሣው ጥያቄ እዚህም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 አላባማ ውስጥ ኤሚሊ ሪድ የምትባል የግዛቱ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ኃላፊ ነበረች። አንድ የጥቁር ጥንቸልና የነጭ ጥንቸል ሠርግ የሚያሳይ የልጆች መጽሐፍ የዘር መለያየትን የሚደግፉትን አስቆጣ። አንድ የምክር ቤት አባል ይወገድ አለ። እሷ አላስወገድም አለች። ከተራው መደርደሪያ ወደ ልዩ መደርደሪያ አዛወረችው፤ የየከተማው ቤተ መጻሕፍት ከጠየቀ ግን ይሰጠው ነበር። ልክ እንደ አንተ መሳቢያ ማለት ነው። እስካሁን ድረስ ግማሹ ጀግና ናት ይላል፤ ግማሹ ደግሞ መደርደሪያውን ለቃለች ይላል።

አሁን ያለው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እንደመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ 4,240 የተለያዩ መጻሕፍት ይነሡ ተብሎ ጥያቄ ቀርቦባቸዋል። ማኅበሩ መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ ትልቁ ቁጥር ነው። በ2024 ከቀረቡት ደግሞ 72 በመቶው የመጣው ከተደራጁ ቡድኖችና ከባለሥልጣናት ነው። አንዲት እናት መጥታ «ይሄ ነገር አሳሰበኝ» ያለችበት አይደለም። አብዛኛው ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ነው።

ቴክሳስ ውስጥ ላኖ የምትባል አውራጃ አለች። ሱዜት ቤከር እዚያ የአንድ ቅርንጫፍ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበረች። መጻሕፍት አንሺ ተባለች፤ እምቢ አለች፤ በመጋቢት 2022 ተባረረች። ከሰሰች። በ2025 አውራጃው 225,000 ዶላር ሊከፍላት ተስማማ። እሷ ካሣዋን አገኘች። አንባቢዎቹ ግን ስለ 17 መጻሕፍት ለብቻቸው የመሠረቱትን ክስ በዚያው ዓመት በይግባኝ ተሸነፉ። ፍርድ ቤቱ አንባቢ መረጃ የመቀበል መብቴ ብሎ የመጽሐፍ መነሣትን ሊቃወም አይችልም አለ፤ ከዳኞቹ ከፊሉ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት የትኛውን መጽሐፍ እንደሚያስቀምጥ መምረጡ የመንግሥት የራሱ ንግግር ነው አሉ። እንዲህ ከሆነ አንባቢ የሚከራከርበት መሬት ጠበበ።

በተቃራኒው ኢሊኖይ በ2023 ሕግ አወጣ። መጽሐፍ በአመለካከቱ ምክንያት አላስወግድም የሚል የጽሑፍ መመሪያ የሌለው ቤተ መጻሕፍት የግዛቱን ድጎማ አያገኝም። የብሩክሊን ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከ2022 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለሚገኙ ወጣቶች ነፃ የዲጂታል ካርድ ሰጠ። ከተማው ያነሣበትን መጽሐፍ ከብሩክሊን ያነባል።

ለአንቺ የሚጠቅምሽን ላብራራ። እዚህ ያሉ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የቅሬታ ቅጽ አላቸው። ቅሬታ አቅራቢው ስሙን ይጽፋል። መጽሐፉን ሙሉውን አንብበሃል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። የትኛው ክፍል እንዳሳሰበው ገጽ ይጠቅሳል። ከዚያ ኮሚቴ ያነበዋል። ማኅበሩ የሚመክረው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ይቆያል። ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። አስቀድሞ ከተነሣ የኮሚቴው ስብሰባ ዓመት ቢፈጅም የሚያሳስበው ሰው የለም።

ጠበቃው፦
በሕግ በኩል ያለውን በአጭሩ።

ቅድመ ምርመራ በ1985 በፕሬስ አዋጅ ቀርቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29ም ይከለክለዋል። ሰዎች የማያስተውሉት ያው አንቀጽ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ሲል መረጃን የመሰብሰብና የመቀበል መብትንም ጨምሮ መሆኑን ነው። መቀበል የአንባቢው መብት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የደራሲው ብቻ አይደለም።

ገደብ የለም ማለት ግን አይደለም። አንቀጹ ራሱ የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይላል። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አለ። እሱም ለትምህርትና ለምርምር፣ ለኪነ ጥበብ፣ ለዜና ዘገባ ሥራ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። ታዲያ አንድ መጽሐፍ ከዚህ መስመር አልፏል የሚል ሰው መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። በስልክ የሚሰጥ ፍርድ አላውቅም።

ምክሬ፦ የተደወለልሽን ቀን፣ ሰዓት፣ የተባለውን ቃል በቃል ጽፈሽ ያዢ። ከዚያ ለደዋዩ ትሕትና ያለው ማስታወሻ ላኪ። «በዚህ ቀን በስልክ ስለነገሩኝ ጉዳይ የጽሑፍ መመሪያ እየጠበቅሁ ነው» በይ። ግልባጭ ለመዝገብ ቤት። ቁጥር ይሰጠው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወረቀት አለው።

ባቲ ሰኞ፦
ሁሉንም አነበብኩ። አሁንም ሰው እንዳይጎዳ የሚለው ሥጋቴ አለ። የታሪኩን መጽሐፍ አንዳንድ ምዕራፍ አንብቤዋለሁ፤ የሚያበሳጭ ነገር አለው፤ የአንድ ወገን ነው። ግን ደብዳቤ ይምጣ፣ ኮሚቴ ይየው በሚለው እስማማለሁ። ሌላው ወገን የጻፈውም አጠገቡ ይቀመጥ።

መዝገብ ያዥ፦
ባቲ ሰኞ፣ ያልከው ልክ ነው። በተመሳሳይ ርዕስ ሌላ አቋም የያዙ መጻሕፍት አሉን። በቁጥር አሰጣጡም ጎን ለጎን ናቸው። የ900ዎቹን፣ የታሪኩን ክፍል ሄደህ ብታየው ሦስቱም ተጠጋግተው ቆመዋል። አንዱ ሲነሣ የቀሩት ብቻቸውን እውነት ይመስላሉ። እኔ ያንን ነው የምፈራው።

መዝገብ ያዥ (ከጥቂት ቀናት በኋላ)፦
የሆነውን ላሳውቃችሁ።

ጠበቃው እንዳለው ማስታወሻ ላክሁ። የጽሑፍ መመሪያ አልመጣም። ኃላፊው ግን በአካል መጣ። ቁጣ አልነበረውም። «አንቺ ነገር ታከብጃለሽ» አለኝ። ያረቀቅሁትን ቅጽ ሰጠሁት። ስም፣ ፊርማ፣ «ሙሉውን አንብበዋል?»፣ «ገጹን ይጥቀሱ»፣ «በርዕሱ ላይ ሌላ የሚመክሩት መጽሐፍ አለ?» የሚሉ ጥያቄዎች አሉበት። ቅሬታ አለን ላሉት ሰዎች እሰጣቸዋለሁ ብሎ ወሰደው።

ከቅሬታ አቅራቢዎቹ አንዱ መጣ። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። የታሪኩን መጽሐፍ ሰጥቻቸው ንባብ ክፍሉ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ። በማግስቱም ተመለሱ። ጨርሰው ቅጹን ሞሉ። ሐሳባቸውን አልቀየሩም። አንድ ምዕራፍ ላይ የአያታቸው ወገን ስም ያለ ማስረጃ ጎድፏል ብለው ገጹን ጠቅሰው ጻፉ። ጽሑፋቸው በጣም የሚከበር ነው። ማስረጃ ካላቸው ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው፤ ፈቃደኛ ከሆኑም ጽሑፋቸውን ከመጽሐፉ ጋር አያይዘን እናስቀምጠዋለን፤ የሚቀጥለው አንባቢ ሁለቱንም ያነባል። አስብበታለሁ ብለዋል።

በልቦለዱ ላይ ቅጽ የሞላ የለም። እናት ነኝ መጥታ አይታዋለች። ለልጇ ገና ነው አለች፤ ለራሷ ተዋሰችው።

ኮሚቴው ተቋቁሟል። አንዲት የታሪክ መምህርት፣ አንድ ከአንባቢዎች የተመረጠ ወጣት፣ ከንብረት ክፍል አንድ ሰው፣ እና እኔ። ድምፅ የለኝም፤ ጸሐፊ ነኝ። ሁለቱም መጻሕፍት መደርደሪያቸው ላይ ናቸው። የታሪኩን ጠርዤዋለሁ። የካርዶቹም ቅጂ ተቀምጧል። ኮሚቴው ይነሣ ካለ ውሳኔውን ከነምክንያቱና ከነፊርማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ፤ ይግባኝም እጠይቃለሁ። በስልክ ግን አላነሣም።

ከወልድያ፦
ቅጹን ላኪልኝ። የእኔን መሳቢያ ባዶ ላድርገውና እኛም ጋ እንጀምር።

ፒያሳ መጽሐፍ ሻጭ፦
የማተሚያውን ወጪ እኔ እችላለሁ። ለሁሉም የሚበቃ አባዛለሁ፤ ክፍያ አልፈልግም። ወረዳዎቹ መልእክተኛ ይላኩና ከሱቅ ይውሰዱ።

ከከሚሴ፦
እኛ ጋ አንባቢው ብዙው በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጠቀመው። ቅጹን እኔ እተረጉመዋለሁ። «ሙሉውን አንብበዋል?» የሚለውን ጥያቄ መጀመሪያ ላይ አድርጉት፤ አሁን ያለው ስምና ፊርማ ቀድሞ ሰውን ያስፈራል። ፋይሉን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ እስከ ሐሙስ አደርሳለሁ።